ስንቅ፣ አቁማዳና ድንኳን፤ በራያ ቆላ የነበረው የመንገድ ዕቃ ታሪክ

የአገራችን ታሪክ ጸሓፊዎች ስለ ነገሥታት ዘመቻ ሲተርኩ ሠራዊቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ሰፈረ፣ ከማን ጋራ እንደ ተዋጋና ማን ድል እንደ አደረገ በሰፊው ያስረዳሉ። ዳሩ ግን ያ ሠራዊት በምን ላይ እንደ ተኛ፣ ውሃውን በምን እንደ ያዘ፣ ዱቄቱን በምን ቋጥሮ ቁልቁለቱን እንደ ወረደ የሚነግረን ጸሓፊ ጥቂት ነው። ነገሩ እንደ ትንሽ ነገር ተቈጥሮ የቀረ ይመስላል። ሆኖም የሰውን ልጅ ኑሮ ለማጥናት የተነሣ ሰው ከትልቁ ነገር ይልቅ ከትንሹ ዕቃ ብዙ ሊማር ይችላል፤ አቁማዳ የሌለው ሠራዊት ሩቅ አይሄድምና።

በዚህ ጽሑፍ የመንገድ ዕቃ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ስንቅና የስንቁ መያዣ ነው፤ ሁለተኛው ለጭነት የሚያገለግለው ዕቃ ነው፤ ሦስተኛው ማደሪያው ነው። የምንመለከተውም ስፍራ ቆቦና በዙሪያው ያለው የራያ ቆላ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት የስንቅ ድርጅት አልነበረውም እያሉ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ድርጅቱ ነበረ፤ ነገር ግን የነበረው በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በየቤቱ፣ በሴቶችና በቆዳ ሠሪዎች እጅ ነው። በመዝገብ ስላልተጻፈም እንዳልነበረ ተቈጠረ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ያልተጻፈ ድርጅት ከነጉድለቱ ማሳየት ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዳ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞበታል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይጋርደዋል፤ ከዞብል ማዶ ወደ አፋር በረሃ ይወረዳል። በስተሰሜን በኩል ዋጃና አላማጣ ይገኛሉ፤ ከአላማጣም የግራ ካሕሱን ዳገት የወጣ መንገደኛ ቆረምንና 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለውን የሐሸንጌን ሐይቅ ያገኛል።

እንግዲህ በዚህ አገር የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር ይሻገራል። በደጋው ያለ ባና ወይም ያለ በርኖስ ማደር አይቻልም፤ በቆላው ደግሞ ያው ባና ሸክም ብቻ ይሆናል። በደጋው ምንጭ በየሸለቆው ይገኛል፤ በቆላው ግን ከደጋ የሚወርዱት ጅረቶች አብዛኞቹ በክረምት እየሞሉ በበጋ አሸዋቸውን ያስቀራሉና መንገደኛው ወይ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ ማውጣት ወይ ውሃውን ይዞ መምጣት አለበት። ቀጥ ባለውና ድንጋያማ በሆነው ዳገት በቅሎና አህያ ይሻላሉ፤ ውሃ በሌለው ሜዳ ግን ከግመል የሚወዳደር የለም። በዚህ ላይ የደጋ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ንዳድ ነበረ። ወባ በትንኝ መተላለፉ ከመታወቁ በፊትም ቢሆን ሕዝቡ በቆላ ሌሊት ማደር አደገኛ መሆኑን ያውቅ ስለ ነበር፣ የሚችለው ሁሉ ሜዳውን በቀን አቋርጦ ከዳገቱ ወገብ ላይ ለማደር ይጣጣር ነበር። ስለዚህ በራያ የመንገድ ዕቃ የመምረጥ ጥበብ ማለት የሁለቱን አገር ችግር በአንድ ጭነት ማቻቻል ማለት ነው።

ስለ ስንቅ

የመንገድ ስንቅ በሦስት ነገር ይመረጣል፤ ቀላል መሆን አለበት፤ የማይበላሽ መሆን አለበት፤ ቢቻል ደግሞ እሳት የማይሻ መሆን አለበት። ይህን ሦስቱንም አሟልቶ የሚገኘው በሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ መንገደኛው ዱቄቱን በውሃና በጨው በጥብጦ ይጠጣዋል፤ ወይም አጥብቆ ለውሶ ይበላዋል። እሳት ስለማያስፈልገው ጭስ አይታይም፤ ጠላት ባለበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሶው በቅመም ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይባላል፤ ጭኮ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ትንሹም ያጠግባል። ድርቆሽም እንዲሁ ከእንጀራ የሚገኝ ስንቅ ነው፤ እንጀራው በፀሓይ ደርቆ ይሰባበራል፤ ሲፈለግ በውሃ ወይም በወጥ ይርሳል። ከእነዚህም ጋራ ቆሎና ቋንጣ ይያዛሉ። ምጣድ የሌለው መንገደኛ ደግሞ ብርኩታ ይጋግራል፤ ድንጋይ በእሳት አግሎ ሊጡን በላዩ ጠቅልሎ ፍም ውስጥ ያኖረዋል፤ ዳቦው ከውስጥም ከውጭም ይበስላል።

ከዚህ ውስጥ በቆላ የማይስማማ አለ። ቅቤ በራያ ሙቀት ስለሚቀልጥ የጭኮ ስልቻ ላይ ወዝ ይወጣል፤ ዱቄት ከጎኑ ካለም ይበላሻል። ስለዚህ ቅቤው በቅል ወይም በቀንድ ለብቻው ሲያዝ ይሻላል። የቆላው እህል ራሱ ማሽላ ነው፤ ቆቦና አካባቢው ደገላትና ጅጉርቲ በሚባሉት የማሽላ ዘሮች የታወቀ ነው። ከደጋ የወረደ መንገደኛ የገብስ በሶው ሲያልቅ ስንቁን የሚያድሰው በማሽላ ነበረ። የማሽላ ቂጣ በትኩስነቱ ጥሩ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃልና እንደ በሶ ለረዥም መንገድ አይሆንም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ኋላ እንደምንመለከተው በዘመቻ ጊዜ ከባድ ነገር ያስከትል ነበር።

ይህን ስንቅ ሁሉ የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። እህሉን የሚለቅሙ፣ የሚቆሉ፣ በወፍጮ ድንጋይ ተንበርክከው የሚፈጩ እነርሱ ናቸው። በዘመቻም ጊዜ ብዙዎቹ ከሠራዊቱ ጋራ እየተጓዙ ውሃ ይቀዱ፣ እንጨት ይለቅሙና ይጋግሩ ነበር። በኤውሮፓ የጦር ሠራዊት ውስጥ ይህ ሥራ የራሱ ሹም፣ የራሱ መዝገብና የራሱ በጀት አለው። በእኛ አገር ግን ስም አልወጣለትም፤ የቤት ሥራ ተብሎ ቀረ።

ስለ ቆዳ ሥራና ስለ አያያዙ

ስንቁን የሚሸከመው ዕቃ አብዛኛው ቆዳ ነው። ሸክላ በዳገት ላይ ይሰበራል፤ እንጨት ይከብዳል፤ ቆዳ ግን ሲሞላ ይሰፋል፤ ባዶ ሲሆን ይታጠፋል። ለስልቻ የሚሆነው የፍየል ቆዳ ሆዱ ሳይቀደድ በሙሉ ይገፈፋል፤ የእግሮቹ ቀዳዳዎች ይታሰራሉ፤ አንገቱ አፍ ይሆናል። አቁማዳ ደግሞ ከስልቻ ተለቅ ብሎ ለእህል ያገለግላል። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በእምቧይ ፍሬ ይታሻል፤ ለጠንካራ ሥራ የሚሆነው በግራር ቅርፊት ይለፋል፤ በመጨረሻም ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት እየተቀባ እስኪለሰልስ ድረስ በእጅና በእግር ይታሻል። መጫኛ የሚባለው ረዥም የጭነት ገመድ የሚገኘው ከአንድ የበሬ ቆዳ ነው፤ ሠራተኛው ከቆዳው ዳር ጀምሮ ወደ መካከል እየዞረ ሳይበጥስ ይቆርጠዋል። ቁርበት ለመኝታ፣ ጠፍር ለማሰሪያ፣ አገልግል ለምግብ፣ ሸበጥ ለእግር፣ ሁሉም ከዚሁ ሙያ የሚወጡ ናቸው።

ቆዳ ጠባቂ ይሻል። ዝናብ የመታው አቁማዳ እሳት ዳር ቢቀመጥ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። ማታ ማታ ከመሬት ተነሥቶ በዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ በቆላ መሬት ላይ ያደረን ቆዳ ምስጥ ያገኘዋልና። ባዶው ስልቻ ተጣጥፎ እንዳይደርቅ ገለባ ይጠቀጠቅበታል። መጫኛው ሲርስ ስለሚረዝም በዝናብ ቀን ጭነቱ በየጊዜው እንደ ገና መጥበቅ አለበት።

ከዕቃው ሁሉ ይበልጥ የሚመረመረው ግን ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ድብዳብ ነው። ድብዳብ ክብደቱን በጀርባው አጥንት ላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ በጎድን ላይ ማሳረፍ አለበት። ይህ ካልሆነ ከብቱ ይገጠባል፤ ገጣባ በቅሎ ደግሞ ጭነት አይችልም፤ ጭነቱ ለሌላው ከብት ሲታከል ሁለተኛውም ይገጠባል። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ከመብላቱ በፊት ጭነቱን አውርዶ የከብቱን ጀርባ በእጁ ይዳስስ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኖርዌያዊው ኦሌ በርጋን በሰው ጀርባ ለሚሸከሙት ቦርሳ ክብደቱ በጀርባ ላይ ተስተካክሎ እንዲያርፍ የሚያደርግ ማቀፊያ ሠርቶ በ1909 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ዛሬ ተራራ ወጪዎች የሚያደንቁት ይህ አሳብ ከድብዳቡ አሳብ ጋራ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሸክም በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በአቀማመጡም ይጐዳል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ የሠራው ባለ እጅ ምን ክብር አገኘ? ፋቂ የሚለው ስም የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። መኳንንቱ በቆዳው ሠሪ ኮርቻ ተቀምጠው፣ በቆዳው ሠሪ ቁርበት ላይ ተኝተው፣ ከራሱ ከሠሪው ጋራ ግን ለመጋባትና ከርስት ለማካፈል ይጸየፉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ማዘዛቸው የነውሩን ስፋት ያሳያል፤ የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልምና።

ስለ ማደሪያ

በራያ ዙሪያ ሁለት ዐይነት የጉዞ ማደሪያ ይታወቃል። አንደኛው የደጋው ድንኳን ነው፤ ሁለተኛው የአፋሮች የሰሌን ቤት ነው። የአፋሮች ቤት አሪ ይባላል። የቤቱ አጥንት የተለመጡ እንጨቶች ናቸው፤ ልብሱ ከዘምባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነው። ቤቱን የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው፤ ሲፈርስ እንጨቱና ሰሌኑ በግመል ይጫናል። ዴንማርካዊው የሥነ ሕዝብ ሊቅ ፌይልቤርግ በ1944 እ.ኤ.አ. ስለ ጥቁሩ ድንኳን ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተመለከተው የዐረብና የፋርስ ዘላኖች ማደሪያ ከፍየል ጠጉር የተሸመነ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ግን ይህን ስፍራ የያዘው ሰሌን ነው። ሰሌን ንፋስ ያሳልፋል፤ ጥላ ይሰጣል፤ ሲያረጅ በቅርብ በሚገኝ ቅጠል ይታደሳል፤ ለቆላ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል።

የደጋው ድንኳን ግን ከማደሪያነቱ ሌላ የሹመት ምልክት ነበረ። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ እንደ ጻፈው፣ የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ያለ ጥያቄ የራሱን ስፍራ ያውቅ ነበር። ከተማው በየጊዜው ይነቀላል፤ ሥርዐቱ ግን አይነቀልም። በኋለኛውም ዘመን ቀይ ድንኳን የንጉሥ ምልክት ሆኖ ኖሮአል። ተራው ወታደርና ነጋዴው ግን ድንኳን አልነበራቸውም፤ ቁርበታቸውን አንጥፈው፣ ጭነታቸውን በራስጌ ከምረው፣ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ያድሩ ነበር።

አልቫሬስ በዚሁ አገር ስላለፈው ጉዞ ሲናገር ነጋዴዎቹ ዶባ የተባሉትን ሕዝቦች ስለሚፈሩ እጅግ ብዙ ሰው ሳይሰበሰብ ከገበያው እንደማይነሡ ገልጧል። ከዚያ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ቀድሞ ዐፄ በእደ ማርያም (ከ1468 እስከ 1478 እ.ኤ.አ. የነገሡት) በዶባ ላይ ሲዘምቱ የደንከል ገዥ ፈረስና ተምር የተጫነ በቅሎ እንደ ላከላቸው ዜና መዋዕላቸው ያስረዳል። ወደዚህ ቆላ ለሚወርድ ንጉሥ ምግብ የተጫነ ከብት እንደ ገጸ በረከት መቅረቡ የስንቅን ዋጋ ያመለክታል።

ዘመቻና ስንቅ

አሁን ወደ ድርጅቱ ጉድለት እንመለስ። በየቤቱ የተሰናዳ ስንቅ የሚበቃው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ሲያልፍ ሠራዊቱ ሦስት መንገድ ብቻ አለው፤ ይዋጋል፤ ይበተናል፤ ወይም የባላገሩን ጎተራ ይከፍታል። ሦስተኛው መንገድ በተደጋገመ ቍጥር የመተላለፊያው አገር ሕዝብ ቂም ይይዛል። የራያ ሜዳ ደግሞ መተላለፊያ ነው፤ የማሽላውም ቂጣ ለረዥም መንገድ አይሆንም ስላልን፣ ወታደሩ ከቆላው የሚወስደው እህል ዕለት ዕለት የሚወሰድ ነው እንጂ አንድ ጊዜ ተቀብሎት የሚያልፈው አይደለም።

በ1860 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ ጦር ይህን ችግር በሌላ መንገድ ሊያልፈው ሞከረ። ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎና በሐሸንጌ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የጭነት ከብቶችና 44 ዝሆኖች ነበሩት። የሚገዛውንም እህል በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍል ነበር። ሆኖም መንገዱ በከፋ መጠን ይህ ባለጠጋ ሠራዊት ራሱ ድንኳኑንና ጓዙን እየቀነሰ፣ ከብዙ ዕቃ ወደ ጥቂት ዕቃ መውረድ ግድ ሆነበት። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲወድቅ ወታደሩ የያዘው ጓዝ ከባሕር ዳር ሲነሣ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበር። ተራራው የድሮ ሕጉን በእንግሊዞችም ላይ አጸናባቸው።

በ1928 ዓ.ም. የሆነው ግን ከዚያ በፊት ያልታየ ነው። የድንኳን ታሪክ በዚያ ዓመት ተለወጠ። ከፍ ባለ ስፍራ መተከሉና ከሩቅ መታየቱ የድንኳን ክብሩ ነበረ፤ አውሮፕላን ሲመጣ ግን መታየት ሞት ሆነ። የካቲት 25 ቀን በቆረም አጠገብ ሰፍሮ የነበረው የእንግሊዝ የቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ምልክቱ እየታየ በቦምብ ተደበደበ። ከዚያ ወዲያ ማደሪያው ዋሻና ቁጥቋጦ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መምሪያቸውን ከዋሻ አደረጉ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ተደረገ። ከዚያ በኋላ በሐሸንጌ በኩል የተመለሰው ሠራዊት ከላይ ቦምብና የመርዝ ጭስ ወረደበት፤ ከምድር ደግሞ ከራያና ከአዘቦ ሰዎች ብዙዎች ወጉት።

ስለዚህ የመጨረሻ ነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጣልያን ገንዘብና መሣሪያ መስጠቱ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ከ1928 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. በዚሁ አገር ዐመፅ ተነሥቶ በጦር ኀይል መጨቈኑን ማስታወስ ይገባል። ለባላገሩ ሠራዊት ማለት ባዶ አቁማዳ ይዞ የሚመጣና ሞልቶ የሚሄድ ሰው ነበረ። ይህን የምንለው በሽሽት ላይ ያለ ወገንን መውጋት ለማመስገን አይደለም። ስንቁን በየቤቱ ያስያዘ መንግሥት፣ ስንቁ ባለቀ ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው በመንገድ ዳር ያለው ገበሬ መሆኑን ለማስረዳት ነው እንጂ።

አዲሱ ዕቃ

ጣልያኖች ያሠሩት የመኪና መንገድ ወልድያን፣ ቆቦንና አላማጣን ካገናኘ ወዲህ የሲራራ ነጋዴ ዕቃ ሥራው እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ ውሃ የሚቀዳው በጀሪካን ነው፤ እህል የሚያዘው በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ መጫኛው ናይሎን ሆኖአል፤ ሸበጡ ከመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ተብሎአል። ሰው በአሮጌው መጨከኑ ትክክል ነው፤ ጀሪካን አይሰነጠቅም፤ ምስጥም አይበላውም። ንዳድንም በተመለከተ አጎበር ለቆላ መንገደኛ አያቶቻችን ያልነበራቸውን ሌሊት ሰጥቶታል፤ በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የፈጀውን ሕዝብ የሚያስታውስ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይቈጥረውም።

ነገር ግን አዲሱ ዕቃ የሚገዛ እንጂ የሚሠራ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የቆረም ሜዳ ከቆላውም ከደጋውም በእግር በመጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ብዙዎቹ በእጃቸው የነበረው የለበሱት ጋቢ ብቻ ነው፤ ከብቱ ካለቀ ቁርበት የለም፤ እህሉ ካለቀ አቁማዳ ምን ይይዛል? ከዚያ ወዲያ የሕይወትና የሞት ልዩነት ብርድ ልብስና የላስቲክ ሸራ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦና ወደ አካባቢው ሲደርስም ብዙ ቤተ ሰብ በድንገት ተፈናቅሎ፣ የሚያነሣውን መርጦ ለመውጣት የነበረው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። የመንገድ ዕቃ መምረጥ ለአንዳንዱ አገር ሰው የመዝናኛ ጥበብ ነው፤ በዚህ አገር ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ የግድ ሆኖ መጥቶአል።

ስለሚሰበሰበው ነገር

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም በገነተ ልዑል ግቢ ያለው ሙዚየሙ ከየክፍለ ሀገሩ የኑሮ ዕቃ በመሰብሰብ ትልቅ አገልግሎት አድርጎአል። ከእንግዲህ የሚሰበሰበው ግን ከዕቃው ጋራ ሙያው መሆን ይገባዋል። በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ አቁማዳ ስለ አቁማዳ የሚናገረው ጥቂት ነው። ቆዳው በየትኛው ተክል እንደ ለፋ፣ ለስንት ቀን እንደ ተዘፈዘፈ፣ ስፌቱን ማን እንደ ሰፋው፣ በዝናብ ቀን እንዴት እንደ ተያዘ አብሮ ካልተጻፈ ዕቃው ዲዳ ነው።

ስለዚህ ወደ ቆቦ፣ ወደ ጎብየ፣ ወደ ሮቢትና ወደ ዞብል ግርጌ የሚወርድ ተማሪ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይዞ ቢወርድ መልካም ነው። ቆዳ ማልፋት የሚያውቅ ሰው በቀበሌው ቀርቶአልን? ለሩቅ መንገድ በሶ የፈጨች አሮጊት ምን ያህል ቀን ለምን ያህል ሰው ትፈጭ ነበር? ጭነት የሚጭን ሽማግሌ የድብዳቡን ልክ በምን ይለካ ነበር? መልሱን ሲጽፍ የሰዎቹን ሙያ በክብር ስሙ ይጥራ፤ ፋቂ ብሎ ሳይሆን ቆዳ ሠሪ ብሎ። ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቶአልና ይህ ሥራ ለሌላ ዓመት የሚተላለፍ አይደለም።